የዳማ እረፍት

ልጄን ሀሚዱን ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጋጣው ነበር። «ሀሚዱ እንዴት አደረ?» ይሉኛል እያለፉ፤ መልሴን ግን አይጠብቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ይፈታሉ፣ ከቋጠሮው ገብስ ይወጣል፣ ገብሱም በእፍኝ በእፍኝ ወደ ፈረሱ አፍ ይገባል። ልጄ ውስጥ ተኝቶ ጣሪያ ይቆጥራል።

ፈረሱ ባለውለታችን መሆኑን አልክድም። በጥቅምት ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ እኛ ወደ ቆላ ሸሸን። ሀሚዱ የቀሩትን ከብቶች ላምጣ ብሎ በፈረሳችን በዳማ ወደ ላይ ተመለሰና የመድፍ ፍንጣሪ ጭኑን መታው። እንዴት ኮርቻው ላይ እንደወጣ ዛሬም አያስታውስም። ዳማ ልጓሙን የሚይዘው ሰው ሳይኖር ግማሽ ቀን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በየበጋው ከብት ይዘን ወደምንሰፍርበት ቦታ አመጣው። ልጄ በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ሲመጣ ያየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ባለውለታ ነው፤ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ሆስፒታል ደርሶ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ፣ ባሌ አብዱልከሪም እጁን ዘርግቶ ተሳለ። «ልጄ በሕይወት ቢመለስልኝ፣ ራሱ ሀሚዱ እስኪቀመጥበት ድረስ በዚያ ፈረስ ጀርባ ላይ ሰውም አይወጣ፣ እቃም አይጫን!» አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሁሉ አሚን አሉ። እኔም አሚን አልኩ። ምኑን እንዳጸደቅሁ ያኔ አላወቅሁም።

ሐኪሙ በሀሚዱ ጭን ውስጥ ብረት አስገባለት። ስንወጣ እኔን ለይቶ ጠርቶ «እናት» አለኝ፣ «እስከ ግንቦት ፈረስ የሚባል ነገር እንዳይነካ። ግንቦት ከገባ በኋላ በሰከነ እንስሳ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይደለም። መውደቅ ግን የለም። ከወደቀ ብረቱ ይታጠፋል፣ ያኔ እግሩን ማትረፋችንን እንጃ።»

የልጄ ሠርግ ደግሞ በግንቦት ነው። እጮኛው አሪፋ የአምባሰል ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከገደሉ በላይ ነው፣ መኪናም ባጃጅም አይደርስበትም። ሙሽራ እዚያ የሚወጣው በፈረስ ነው። ሀሚዱም ከአልጋው ሳይነሳ ወስኖ ነበር። «ያተረፈኝ ዳማ ነው፣ የምሄደውም በዳማ ነው።»

በታኅሣሥ ወደ ቤታችን ከተመለስን ጀምሮ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ፈረሱን አየዋለሁ። ታስሮ ይውላል፣ ታስሮ ያድራል፣ ገብስ ይበላል። ጥር ሲገባ አንገቱ እንደ ግንድ ወፈረ። የጋጣውን ማገር ሰበረ። የጎረቤታችንን የዘሀራን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ነክሶ ወሰደና አኘከው። እሷ ሳቀች። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጉልበት ነው!» አለች። እኔ ግን ያን ጉልበት ከልጄ ብረት ጋር እያስተያየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

«የሀሚዱ አባት፣ ይህ እንስሳ መንቀሳቀስ አለበት» አልኩት ባሌን።

«እረፍት ላይ ነው።»

«እረፍትና እስራት አንድ ነው እንዴ?»

«አንቺ ፈዲላ፣ ስለት ነው። ከአላህ ጋር የተነጋገርኩትን አንቺ አትበጥሽው።»

«አላህ ፈረሱን በገብስ ግደሉት አለህ?»

«አስተግፊሩላህ በይ!»

አስተግፊሩላህ አልኩ። ፈረሱ በዚያው ቅጽበት ግድግዳውን በእርግጫ መታውና ጭቃው ተፈረካክሶ ወረደ። ባሌ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወጥቶ ሄደ።

ከወንዙ ማዶ አያ አስረስ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው ለጥምቀት ጉግስ ሲወጡ አገር ያያቸው ነበር ይባላል። አሁን ያላቸው አንዲት ግራጫ በቅሎ ብቻ ናት። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በቅሏቸውን እያከኩ ሰሙኝ።

«ፈረስ እንደኛ ተጋድሞ አያርፍም» አሉኝ። «ኮርቻ ወረደለት ማለት ይቁም ማለት አይደለም። እየሄደ ነው የሚያርፈው። በየቀኑ ሳቢው። መጀመሪያ ሜዳ ለሜዳ፣ ቀስ እያልሽ፣ ወተት ታልቦ እስኪያልቅ ያህል ጊዜ። ሲለምድ ታስረዝሚዋለሽ። ከዚያ ዳገት ትጨምሪበታለሽ። ገብሱን ቀንሽ፤ ለማይሠራ ፈረስ ጭድና ድርቆሽ ይበቃዋል። ገብስ ከሥራ ጋር ነው። ስትመለሽ ሰኮናውን በእጅሽ ዳብሺው። ሦስት ቀን ከዘለልሽ ደግሞ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ።»

«እኔ? አያ አስረስ፣ እኔ ፈረስ እፈራለሁ። እርስዎ አያንቀሳቅሱልኝም?»

«ወገቤን አላየሽውም? ደግሞስ ባልሽ፣ ክርስቲያን መጥቶ ስለቴን አፈረሰብኝ ሊለኝ ነው?» ብለው ሳቁ። «አብሽሪ። እሱም ይፈራሻል።»

አልፈራኝም። በመጀመሪያው ቀን ገመዱን ይዤ ከግቢ ሳወጣው፣ ፈረሱን የያዝኩት እኔ ሳልሆን እኔን የያዘኝ ፈረሱ ነበር። የሌላዋን ጎረቤታችንን የሀጀራን የሽምብራ ማሳ ከዳር እስከ ዳር አሳየኝ። ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀረ። ሀጀራ ከደጇ ቆማ «ፈዲላ! ማሳዬን ልትገዢው ነው የምትለኪው?» ትላለች። በማግስቱ ግን ደግሜ ወጣሁ። ምን ላድርግ? ከኔ ሌላ የሚያወጣው የለም፤ ባሌ በስለቱ፣ ልጄ በእግሩ ተይዘዋል።

ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል ብዬ ውሃ ስቀዳ ይዤው መሄድ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው የመንደሩ መሳቂያ የሆንኩት። ስለቱ እቃ አይጫን ይላል። ስለዚህ ሃያ ሊትር ጀሪካን እኔ ጀርባ ላይ ነው። ከጎኔ ደግሞ እንደ ጎተራ የወፈረ ፈረስ ባዶ ጀርባውን እያወዛወዘ ይሄዳል። እኔ እየጎበጥኩ አለከልካለሁ፣ እሱ ነፋስ ይቀበላል።

«ፈዲላ፣ ሲደክመው ታዝይዋለሽ?»

«ኧረ ዳማን ጥላ ያዢለት!»

«እህቴ፣ ፈረሱ ማንኛችሁ ነው?»

መልስ መስጠት አቆምኩ። ባሌ ግን ሦስት ቀን አኩርፎ በአራተኛው «ሰው እየሳቀብኝ ነው» አለኝ።

«ጀሪካኑን ጫንልኝ፣ ሳቃቸው ይቆማል።»

«ስለት ነው አልኩሽ።»

«እንግዲያው ይሳቁ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ለመድን። ከውሃው መልስ ሐይቁ ዳር ወዳለው ለስላሳ ሜዳ እወስደዋለሁ። ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ያስራሉ። አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ አዞረዋለሁ። መጨረሻ ላይ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይቆማል። እዚያ ሲገባ የሌላ ሰው ፈረስ ይመስላል፤ ጆሮው ይወድቃል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ ንቅንቅ አይልም። ሰኮናውን መዳበስም ተማርኩ። ጤነኛ ሰኮና እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

ገብሱ ግን አልቆመም። እኔ ጠዋት በጉዞ ያወጣሁትን፣ ጠያቂ ከሰዓት መልሶ ይከትበታል። ብናገር የሚሰማ የለም። «የኔ እፍኝ ምን ታደርገዋለች?» ይላል ሁሉም። የሁሉም እፍኝ አንድ ላይ ስንት እንደሆነ የሚያስብ የለም። በየካቲት የጎልማሶች ትምህርት እንደገና ሲከፈት፣ ካርቶን ቆርጬ አስተማሪያችን ሰላማዊት ፊደሉን እያረመችልኝ «ለፈረሱ ገብስ አትስጡ» ብዬ ጻፍኩና በራችን ላይ ሰቀልኩት። ሁለት ቀን አጻጻፍሽ ሸጋ ነው እያሉ አመሰገኑኝ። በሦስተኛው ቀን ዘሀራ ቋጠሮ ይዛ ገባች።

«ዘሀራ፣ አላነበብሽም?»

«አስነበብኩ እንጂ። ገብስ ነው የሚለው። ይሄ ባቄላ ነው።»

ካርቶኑን አውርጄ እሳት አያያዝኩበት።

ረመዷን ገባ። ሆዴ ባዶ፣ አፌ ደረቅ፣ ፀሐዩ አናቴ ላይ፣ እኔ አሁንም ከፈረሱ ጋር ነኝ። ግን ለውጥ ነበር። አንገቱ ቀለለ። ውሻ ቢጮህ ጆሮውን ብቻ ያዞራል። አሁን ገመዱን በሁለት ጣት ይዤ ዳገት አወጣዋለሁ። ሀሚዱም ክራንቹን ጥሎ በአንድ በትር መሄድ ጀምሮ ነበርና በር ላይ ተቀምጦ ያየናል።

«እማዬ፣ በግ አደረግሽው እኮ!»

«በግ ሰው አይጥልም።»

«ሙሽራ በበግ ሲሄድ የአሪፋ ዘመዶች ምን ይላሉ?»

«በሁለት እግሩ መጣ ይላሉ። ዝም በል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። አያ አስረስም መጥተው አዩትና «ኢዱ ካለፈ በኋላ ባዶ ኮርቻ አልምጂው» አሉኝ። ኮርቻ እቃ ነው ወይስ አይደለም በሚል ከባሌ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሀሚዱ እስኪቀመጥበት ይጠበቅ ተባለ። ይሁን አልኩ፤ ኮርቻውን ፈረሱ ድሮም አይጠላውም፤ ዋናው ገላው መስከኑ ነው።

ከዚያ ኢድ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው ኢድ ነው፤ ሰው ሁሉ በሕይወት መትረፉን ሊያሳይ ከቤት ቤት ይዞራል። የታረደው ይሠራል፣ እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል። ሦስት ቀን ከእሳት ዳር አልተነሳሁም። ዳማም ሦስት ቀን ከጋጣ አልወጣም። እንግዳው ግን ለኢድ ባዶ እጁን አልመጣም። ገብስ፣ ባቄላ፣ ጤፍ ሳይቀር። አብዱልከሪም ራሱ «ኢድ ለሱም ኢድ ነው» ብሎ አንድ ቁና ሙሉ ፊቱ አፍስሶለታል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን የአሪፋ አጎት አብዱልሃሚድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ወረዱ። አያ አስረስም ተጠርተው ነበር። ምሳ ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቀኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ ዕቃ ሳነሳ፣ አብዱልከሪም የሰውን ብዛት አየና ልቡ ሞላ።

«ኑ፣ ስለቴን ዛሬ እፈጽማለሁ። ልጄ በዓይናችሁ ፊት ዳማ ላይ ይቀመጣል!»

ሳህኑን ጥዬ ስወጣ ፈረሱ ግቢው መሀል ቆሟል። ኮርቻ ተጭኖበታል፣ ልጓሙ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ሰው ዙሪያውን ከቧል። ሀሚዱ በትሩን ለአባቱ ሰጥቶ ግራ እግሩን ወደ እርካቡ ያነሳል።

«አቋቋሙን እዩልኝ!» ይላል ባሌ። «እንደ ጌታ ነው ወደ ኋላ ደገፍ ያለው!»

አቋቋሙን አየሁ። ሦስት ወር በየቀኑ ሳየው የነበረ ፈረስ ነው፤ እንዲህ ቆሞ አያውቅም። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሏል፤ የጋለ ምጣድ ላይ እንደቆመ ሰው። አንዱን እግር ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። ጎኑ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ነጩ ወጥቷል።

«ሀሚዱ ውረድ!»

«ገና አልወጣሁም እኮ እማዬ።»

«እንዳትወጣ!»

«ፈዲላ፣ በእንግዳ ፊት!» አለ ባሌ።

በእንግዳ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ነጠላዬ መሬት እየጎተተ ሄጄ በልጄና በፈረሱ መሀል ገባሁ። የአሪፋ አጎት አንገታቸውን ነቀነቁ። «እናቱ ናት እንዴ የምትፈቅድለት?» ሲሉ ሰማሁ። ምንም አልመለስኩም። ጎንበስ ብዬ የዳማን የፊት ሰኮና ያዝኩ። አቃጠለኝ። ከምድጃ የወጣ ጉልቻ ይመስላል። ጸጉሩ ሥር ያለው የደም ሥር ደግሞ ድም ድም ይላል።

ለባሌ ብነግረው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ከጥር ጀምሮ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ የሀሚዱን እጅ ይዤ ጎተትኩት። መጎንበስ ይከብደዋል፤ ትከሻዬን ተደግፎ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። መዳፉን ሰኮናው ላይ አስቀመጥኩለት።

ዳበሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። በጥቅምት የነበረውን ፊቱን ነበር ያየሁት።

«እማዬ፣ እንደኔ እግር ነው» አለ። «ያን ጊዜ እንደነበረው ነው።»

ተነስቶ የኮርቻውን ጠፍር ራሱ ፈታ። ማንም አላገዘውም፣ ማንም አልከለከለውም። ኮርቻው ሲወርድ ፈረሱ እንደ ሰው ተነፈሰ።

አያ አስረስ ተራቸውን ዳብሰው ተነሱ። «ገብሱ እግሩ ላይ ወርዷል» አሉ። «ልጁ ወጥቶበት ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ሲብስበት ወይ ይወድቅ ነበር፣ ወይ ያፈርጠው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ የሚባል አይቅመስ። ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት። አይጎተት፣ አይሩጥ። አየህ አብዱልከሪም፣ እረፍት ማለት አሁን ነው።»

ባሌ የልጁን በትር እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ያተረፈልኝን ነው በእጄ ያሳመምኩት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ልናገር የነበረውን ሁሉ ዋጥኩት። ብዙ ነበር።

የአሪፋ አጎት ጣልቃ ገቡ። «መልካም፣ ታዲያ ሙሽራችን በምን ሊመጣ ነው? በእግሩ እንዳትሉን ብቻ።»

«በበቅሎዬ» አሉ አያ አስረስ። «ሃያ ዓመቷ ነው። እንኳን ሰው ልትጥል ዝንብም አታባርር።»

በሠርጉ ቀን ሀሚዱ በዚያች ግራጫ በቅሎ ወጣ። የአሪፋ አብሮ አደጎች ከገደሉ አፋፍ ሲያዩት ሊሞቱ ነው በሳቅ፤ ሙሽራው ሲደርስ እኛ አርጅተን እንጠብቀዋለን እያሉ ዘፈኑበት። ይዝፈኑ። እኔ ታች ቆሜ የማየው የበቅሎዋን እግር ብቻ ነበር፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየመረጠች ትረግጣለች። ሲመለስ ሁለት እግሩ ነበረ፣ አንዲት ሚስትም ነበረችው። አልሃምዱሊላህ።

አብዱልከሪም ለሠርጉ ዘግይቶ ደረሰ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር። ጠዋቱን ከዳማ ጋር ሐይቁ ውስጥ ቆሞ ነው ያረፈደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም እሱ ነው የሚወስደው። ዓሣ አጥማጆቹ «አያ አብዱልከሪም፣ በፈረስ ነው ዓሣ የሚያዘው?» ይሉታል። መልስ አይሰጥም። መልስ አለመስጠትን ከኔ ተማረ። ውሃ የምቀዳው ግን አሁንም እኔ ነኝ፤ ጀሪካኑም አሁንም ጀርባዬ ላይ ነው።

የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ሰኮናው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ሦስቱንም አስከትዬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤ ባሌን፣ ልጄን፣ ፈረሱን። ዳማ እንደ ልማዱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ዓይኑን ከደነ።

«አሁን አስቀምጠው» አልኩት ባሌን።

«እዚህ? ውሃ ውስጥ?»

«እዚህ አይንቀሳቀስም። ቢወድቅም ውሃ ነው። ራሱ ሀሚዱ ይቀመጥበት ነው ያልከው፤ የት እንደሚቀመጥ አልተናገርክም።»

ቆሞ አሰበ። ከዚያ ልጁን አቀፈና ያለ ኮርቻ፣ ያለ ልጓም አነሳው። ሀሚዱ ጋማውን ይዞ ተቀመጠ። ፈረሱ አንድ ጆሮ አዞረ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። ልጄ ጎንበስ ብሎ በጥቅምት እንዳየሁት ፊቱን አንገቱ ላይ አደረገ። ይህኛውን ግን እየሳቀ ነው ያደረገው። አስር ያህል ትንፋሽ ቆየና ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጀሪካን ዳማ ላይ ጫንኩ። ባዶ ጀርባዬን ይዤ ስወጣ ሚዛኔ ጠፍቶብኝ ልወድቅ ነበር። ከምንጩ ስንመለስ አብዱልከሪም በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጀሪካኖቹን አየ፣ የፈረሱን ወገብ ዳበሰ፣ ፊቱን አጨፈገገ።

«ፈዲላ» አለኝ፣ «ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጫኚበት። ምስኪን፣ ገና ከእረፍት መመለሱ ነው እኮ!»

ጀሪካኑን አወረድኩና ሄጄ ተቀመጥኩ። ወገቤን የጠየቀ የለም።